ሜዳ የማይፈልገው አውሮፕላን

አውሮፕላኑ በጅራቱ ይቆማል። አፍንጫው ወደ ሰማይ ያያል። አራት ትናንሽ ጎማዎቹ ከክንፎቹ ጫፍና ከላይና ከታች ካሉት ትልልቅ ቋሚ ጅራቶቹ ጫፍ ላይ ተተክለዋል። አብራሪው በረጅም መሰላል ወጥቶ፣ በጀርባው ተንጋሎ ይቀመጣል። ሞተሩ ሲነሳ አፍንጫው ላይ ያሉት ሁለት ፕሮፔለሮች አንዱ ወደ ቀኝ ሌላው ወደ ግራ እየዞሩ እንደ ሄሊኮፕተር ቀጥ አድርገው ያነሱታል። ከፍ ካለ በኋላ ወደ ፊት ይደፋና እንደማንኛውም ተዋጊ አውሮፕላን ይበርራል። ሲመለስ እንደገና አፍንጫውን ወደ ላይ ሰቅሎ፣ በጅራቱ ወደ ኋላ እየወረደ ያርፋል። መንደርደሪያ ሜዳ የሚባል ነገር አያስፈልገውም።

ይህ የልብ ወለድ ሥዕል አይደለም። ኮንቬየር የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ሳንዲዬጎ ውስጥ ለአሜሪካ ባሕር ኃይል የሠራው ኤክስ.ኤፍ.ዋይ-1 የሚባል የሙከራ አውሮፕላን ነው። ቅጽል ስሙ ፖጎ ነው፤ ልጆች እየተንጠለጠሉ በሚዘሉበት ባለ ስፕሪንግ ዱላ ስም። እኔ ያወቅሁት በጌም ነው። ማታ ማታ ከሥራ በኋላ አውሮፕላን ከቁርጥራጭ እየገጣጠምኩ የማበርበት ጌም አለኝ። ክንፉን ትቆርጣለህ፣ ክብደቱን ታከፋፍላለህ፣ ሞተር ትመርጣለህ፤ ከዚያ ፊዚክሱ ይፈርድብሃል። ፖጎን በዚህ ጌም ገነባሁት። ገንብቼ ስጨርስ ግን አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። የምኖረው ልደታ ነው። ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲኬድ ሰው እስከ ዛሬ "ኦልድ ኤርፖርት" የሚለው ሰፈር አለ። ፖጎ በሙከራ ላይ በነበረበት ዘመን የአዲስ አበባ አየር ማረፊያ እዚያ ነበር፤ ልደታ። ሜዳ የማይፈልገው አውሮፕላን እኛ ሜዳ ላይ ቢቆም ምን ይሆን ነበር?

መልሱን ለማግኘት መጀመሪያ አሜሪካኖቹ ምን እንደፈለጉ ማወቅ ይገባል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጭነት መርከቦች በጅምላ ተሰልፈው ውቅያኖስ ሲያቋርጡ ከአየር የሚጠብቃቸው ያጡ ነበር። አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ ውድ ነው፤ ለሁሉም አይዳረስም። ስለዚህ ባሕር ኃይሉ እንዲህ ብሎ አሰበ፦ ተራ መርከብ ጀርባ ላይ፣ ከሳሎን ብዙም በማይበልጥ ቦታ ላይ፣ አንድ ተዋጊ አውሮፕላን ቀጥ ብሎ ቢቆምስ? ጠላት ሲመጣ ተነስቶ ይዋጋል፣ ሲጨርስ እዚያው ተመልሶ ይቆማል። እ.ኤ.አ. በ1951 ሁለት ኩባንያዎች ሥራውን ወሰዱ፤ ኮንቬየርና ሎክሂድ።

የሎክሂዱ አውሮፕላን በራሱ ሞተር ከመሬት ቀጥ ብሎ ተነስቶ አያውቅም። ለሙከራ ሲባል ከሥሩ ረጅም እግር ተበጅቶለት፣ እንደማንኛውም አውሮፕላን ሜዳ ላይ እየተንደረደረ ነው የበረረው። ፖጎ ግን ተሳካለት። ስኪትስ እየተባለ የሚጠራው ጄምስ ኮልማን መጀመሪያ ሞፌት ፊልድ በሚባለው ጣቢያ፣ ለአየር መርከብ በተሠራ ግዙፍ አዳራሽ ውስጥ፣ አውሮፕላኑ ከጣሪያው በገመድ ታስሮ ሞከረው። እንደ ሕፃን ልጅ ዳዴ ማለት ነው። በ1946 ዓ.ም. ክረምት ከገመዱ ተፈትቶ ውጭ ተነሳ። በጥቅምት 1947 ዓ.ም. ደግሞ ሙሉውን ዑደት ፈጸመ፦ ቀጥ ብሎ ተነሳ፣ ተደፍቶ በረረ፣ ተመልሶ በጅራቱ አረፈ። ኮልማን ለዚህ ሥራው ሐርመን የተባለውን የበረራ ሽልማት አግኝቷል።

እ.ኤ.አ. በ1956 ፕሮግራሙ ተዘጋ።

ለምን? ይህን ጌሙ በደንብ ያስተምራል። መነሳቱ ያን ያህል አይከብድም። ጉልበት ካለህ ትነሳለህ። ወደ ፊት መደፋቱም ይለመዳል። መከራው ማረፉ ላይ ነው። አብራሪው በጀርባው ተንጋሎ፣ ፊቱ ወደ ሰማይ ሆኖ፣ ከጀርባው ወዳለው መሬት መውረድ አለበት። ኮልማን መቀመጫው ወደ ፊት እንዲያዘነብል ተደርጎለት ነበር፤ ሆኖም መሬቱን ለማየት አንገቱን አዙሮ በትከሻው በኩል ነው የሚያየው። መኪና ወደ ኋላ ስትነዳ አስብ። አሁን መኪናዋ በቁሟ ትውረድ፣ መሬቱም የምትወዛወዝ መርከብ ትሁን። ሳይታወቅህ ትንሽ በፍጥነት ከወረድክ ጅራቱ ይሰበራል። በጌሙ ካሜራውን ከውጭ አድርጌ ሳሳርፍ ይሆንልኛል። ካሜራውን ከአብራሪው ዓይን አድርጌ ሳሳርፍ ግን ከአሥር አንዱም አይሳካም።

ባሕር ኃይሉም የደረሰበት ድምዳሜ ከዚህ ብዙ አይርቅም። አውሮፕላኑን እጅግ የተካነ አብራሪ ካልሆነ ማንም አያሳርፈውም። ሐሳቡ ደግሞ በብዙ ትናንሽ መርከቦች ላይ ሊበተን ነበር። ለእያንዳንዱ መርከብ አንድ ኮልማን ከየት ይመጣል? በዚያ ላይ ሞተሩ አስተማማኝ አልነበረም፤ የጄት ተዋጊዎች ፍጥነትም በየዓመቱ እየጨመረ ፕሮፔለር ያለውን አውሮፕላን ጥሎት ሄደ።

አሁን ወደ ልደታ እንምጣ።

የልደታ ሜዳ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚህ የተወለድን ሰዎች ይህን አናስተውለውም፤ ከአዳማ ተመልሰን ደረጃ ስንወጣ ብቻ ትንሽ ያለከልከናል። ለአውሮፕላን ግን ይህ ሁሉን ነገር ይቀይራል። በአዲስ አበባ የተለመደ የቀን ሙቀት፣ 20 ዲግሪ ገደማ፣ የአየሩ እፍግታ ከባሕር ጠለል መደበኛ አየር በሩብ ያህል ያንሳል። ክንፍ የሚደገፈው በአየር ነው፤ ፕሮፔለር የሚገፋው አየር ነው፤ ሞተርም የሚተነፍሰው አየር ነው። ሦስቱም አንድ ላይ ይደክማሉ።

ፖጎ ለበረራ ተዘጋጅቶ ክብደቱ 7.3 ቶን ገደማ ነበር። ሞተሩ 5,500 የፈረስ ጉልበት ያህል፣ የፕሮፔለሮቹ ስፋት ከጫፍ ጫፍ 4.9 ሜትር። ምህንድስና ስንማር በተሰጠን ቀላል ቀመር ብናሰላው፣ በባሕር ጠለል ላይ የሚያወጣው ግፊት በጥሩ ግምት 8 ቶን ቢሆን ነው። 8 ከ7.3 ይበልጣል፤ ስለዚህ ይነሳል። ትርፉ ግን ያችው ናት። ልደታ ላይ ሩቡን ቀንስ፦ 6 ቶን። 6 ቶን ደግሞ 7.3 ቶን አያነሳም። ጌሙ ላይ አውሮፕላኑን በዚሁ ከፍታ አቁሜ፣ የሞተሩን ጉልበት በዚሁ መጠን ቀንሼ ሞከርኩት። ጮኸ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ቦታውን አልለቀቀም። ነዳጁን አብዛኛውን ካፈሰስክለት፣ መሣሪያውንም ካወለቅክለት ይነሳ ይሆናል። ግን ነዳጅና መሣሪያ የሌለው ተዋጊ ተነስቶ ምን ይሠራል?

ሜዳ የማይፈልገው አውሮፕላን እኛ ዘንድ ሲመጣ በጣም ረጅም ሜዳ ያስፈልገው ነበር ማለት ነው።

ምጽዋ ብንወስደውስ? በዚያ ዘመን እ.ኤ.አ. በ1955 የተመሠረተ ባሕር ኃይል ነበረን፤ ዋና ሰፈሩም ምጽዋ። በጥር 1954 ዓ.ም. ከአሜሪካ የተረከብናት ትልቋ መርከባችን "ኢትዮጵያ" ትባል ነበር፤ ርዝመቷ 95 ሜትር ያህል። የቀድሞ ስሟ ኦርካ ሲሆን፣ የተሠራችውም ባሕር ላይ ለሚያርፉ አውሮፕላኖች ነዳጅና ጥገና እንድትሰጥ ነው። ፖጎ የታሰበው ልክ እንዲህ ላሉ መርከቦች ነበር፤ አውሮፕላን ተሸካሚ መግዛት ለማይችሉ። በስሌቴ ምጽዋ ላይ በ35 ዲግሪ ሙቀት ግፊቱ 7.5 ቶን አካባቢ ይሆናል። ለጥቂት ይነሳል። ማን እንደሚያሳርፈው ግን ጥያቄው እንዳለ ነው። "ኢትዮጵያ" ራሷ በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲወድቅ ወደ የመን ሸሸች፤ በኋላም ለብረትነት ተሸጠች።

ይህ ሁሉ "ቢሆን ኖሮ" ነው። የሆነውን ለማየት ደግሞ ያው ልደታ ሜዳ ይበቃል።

ሜዳው ላይ ከሆኑት ነገሮች ለእኔ ትልቁ የተፈጸመው በነሐሴ 1936 ዓ.ም. ነው። ጣሊያን ከወጣ ሦስት ዓመቱ ነበር። ጆን ሮቢንሰንና ሌሎች ጥቁር አሜሪካውያን መጥተው እዚህ የበረራ ትምህርት ቤት ከፈቱ። ሮቢንሰን አገሩን ያውቀዋል፤ በ1927 ዓ.ም. መጥቶ በወረራው ጊዜ የንጉሠ ነገሥቱን ትንሽ አየር ኃይል መርቷል። ትምህርት ቤቱ የተጀመረው በ19 ተማሪዎች ነው። በሁለት ዓመት ውስጥ 75 ደረሱ። ሮቢንሰን በመጋቢት 1946 ዓ.ም. በአውሮፕላን አደጋ በደረሰበት ጉዳት አዲስ አበባ ውስጥ አረፈ። ፖጎ በገመድ ታስሮ ዳዴ የሚልበት ዓመት ነው።

ከዚያ የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጣ። ከአሜሪካው ቲ.ደብልዩ.ኤ. ጋር በ1937 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ውል ተፈረመ፤ አምስት ዳግላስ ሲ-47 ተገዙ። ጦርነት ላይ ዕቃና ወታደር ሲያመላልሱ የነበሩ፣ መቀመጫቸው በጎንና በጎን የተዘረጋ አግዳሚ የሆነ አውሮፕላኖች ናቸው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያው በረራ በአስመራ በኩል ካይሮ ሄደ። ሲ-47 የሚደነቅ ነገር አልነበረውም። በጭቃም በሣርም ላይ ያርፋል፣ ይጠገናል፣ ይነሳል። አብራሪዎቹ መጀመሪያ ላይ አሜሪካውያን ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1957 ካፒቴን ዓለማየሁ አበበ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ዋና አብራሪ ሆነ። ከመጀመሪያው በረራ እስከዚያ 11 ዓመት ይቆጠራል።

በዚህ መሀል ልደታ ላይ አንድ እንግዳ መጣ፤ ይህን ሳውቅ ነው ፖጎ የእኛም ታሪክ ዘመድ የመሰለኝ። እ.ኤ.አ. በ1950 መጨረሻ ላይ አየር መንገዱ ኮንቬየር 240 የተባሉ አውሮፕላኖችን አስገባ። ሁለት ሞተር ያላቸው፣ 40 ሰው የሚይዙ፣ ክፍላቸው የአየር ግፊት የተስተካከለለት። አዎ፣ ያው ኮንቬየር። ያው ሳንዲዬጎ። ጥቂት ዓመት ቆይቶ ፖጎን የሠራው ፋብሪካ። አንደኛው ልጅ የዓለምን ጋዜጦች ሁሉ ሞላ፤ በጅራቱ ቆሞ ፎቶ ተነሳ፣ ዛሬ የአሜሪካ ሙዚየም ንብረት ነው። ሌላኛው ፎቶ ሳይፈልግ ነጋዴና ተማሪ፣ ደብዳቤና ቡና ጭኖ ከልደታ ተንደርድሮ ናይሮቢና አቴንስ ተመላለሰ። ልዩነታቸው በአንድ ቃል ሜዳ ነው። አንደኛው ሜዳ ይኖራል ብሎ አምኖ ተሠራ፤ ሌላኛው ሜዳ አያስፈልግም ብሎ።

እኛም የሙከራ አውሮፕላን ነበረችን። በ1928 ዓ.ም. መግቢያ ላይ ጀርመናዊው መሐንዲስ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ጋር ሆኖ የሠራት፣ በልዕልት ፀሐይ ስም የተሰየመች፣ 115 የፈረስ ጉልበት ያላት ትንሽ አውሮፕላን። የበረረችው 30 ሰዓት ያህል ብቻ ነው ይባላል። ወራሪው ወደ ጣሊያን ወስዶ ሙዚየም አስገባት፤ በጥር 2016 ዓ.ም. ተመለሰች። ስትመለስ ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነኝ፤ በጌሙ እሷንም ገንብቻታለሁ፤ እንደ ፖጎ አታስቸግርም፣ ገር ናት። ግን ፀሐይ አንዲት ነበረች። ያቺን አንዲት ለመውሰድ አንድ መርከብ በቂ ነው። ከስምንት ዓመት በኋላ ልደታ ላይ ቁጭ ብለው ክንፍና ሞተር የሚማሩትን 19 ልጆች እንዲያ ጠቅልሎ መውሰድ አይቻልም። ዕውቀቱ አንድ ቦታ አልተቀመጠምና።

ልደታን የጣለው ጄት ነው። ቀጭን አየር ላይ ክንፍ በቂ ድጋፍ እንዲያገኝ አውሮፕላኑ በ15 በመቶ ያህል የበለጠ ፍጥነት ላይ መድረስ አለበት፤ ሞተሩ ግን ደክሟል። ስለዚህ ሜዳው በጣም ይረዝማል። አየር መንገዱ ቦይንግ 720 ለማስገባት ሲወስን ልደታ እንደማይበቃ ታወቀ። ሁለት መንገድ ነበር፦ ጄቱን መተው ወይም ሜዳ መሥራት። ሜዳ ተሠራ፤ ቦሌ። በ1955 ዓ.ም. ጄቶቹ ገቡ። ዛሬ የቦሌ መንደርደሪያዎች 3,700 ሜትርና ከዚያ በላይ ናቸው። ልደታ ለጦር ኃይሉ ቀረ፤ ለሰፈሩ ደግሞ "ኦልድ ኤርፖርት" የሚለው ስም ተረፈለት። ስሙን በየቀኑ የሚጠራው ሰው ለምን ኦልድ እንደሆነ አይጠይቅም። ኦልድ የሆነው አየሩ ቀጭን ስለሆነና ጄቱ ረጅም ሜዳ ስለፈለገ ነው።

"ቀጥ ብሎ የሚነሳ አውሮፕላን እኮ በኋላ ተሳክቷል" የሚል አንባቢ አይጠፋም። እውነት ነው። የእንግሊዞቹ ሃሪየር ተሳክቶለታል፤ እ.ኤ.አ. በ1982 በፎክላንድ ጦርነት ከመርከብ ተነስቶ ተዋግቷል። ግን አነሳሱን አስተውሉ። ሃሪየር ነዳጅና መሣሪያ ሲሸከም ቀጥ ብሎ አይነሳም። አጭር ይንደረደራል፤ እንግሊዞች መርከባቸው ጫፍ ላይ ወደ ላይ የታጠፈ መወጣጫ ሠሩለት። ቀጥ ብሎ የሚያርፈው ነዳጁን ጨርሶ፣ ቀልሎ ሲመለስ ነው። ሠላሳ ዓመት ገደማ ተደክሞ የተገኘው መልስ ትንሽ ሜዳ ነው።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ስለ አውሮፕላን ብቻ ብዬ አይደለም። በእኔ ሙያ በየስብሰባው የሚሰማ አንድ ቃል አለ፤ "ዘለን እንለፍ"። ስልክ ሽቦ ሳንዘረጋ ሞባይል ገባን፤ እንግዲያው ባንኩንም፣ ሐኪም ቤቱንም፣ ትምህርት ቤቱንም ዘለን እንለፍ። መንገዱ እስኪሠራ ማን ይጠብቃል? ቃሉ ያጓጓል፤ እኔም ወጣት ነኝ፣ መጠበቅ አልወድም። አንድ ጊዜ ለጤና ጣቢያዎች የሚሆን ሶፍትዌር በምንሠራበት ቡድን ውስጥ ነበርኩ። ኔትወርክ አያስፈልገውም ተባለለት። በማሳያው ላይ ያምር ነበር። ሥራ ላይ ሲውል ግን መረጃው ራሱን አልላከም። ቀን በወረቀት የተጻፈውን ማታ እያንዳንዱን በስልኳ የምትሞላው፣ ኔትወርክ ያለበት ኮረብታ ላይ ወጥታ የምትልከው ነርሷ ነበረች። ማሳያው ላይ እሷ የለችም።

ፖጎ ያስተማረኝ ይህን ማየት ነው። ከሥዕሉ ላይ የጠፋ ሜዳ ከዓለም አይጠፋም፤ ቦታ ይቀይራል። ፖጎ ላይ ሜዳው ወደ ሞተሩ ገባ፤ ሞተሩ አልቻለውም። ከዚያ ወደ ኮልማን አንገት ገባ፤ ኮልማን ቻለው፣ ሌላው ሰው ግን አይችለውም። ስለዚህ አንድ ሰው "ይህ ሜዳ አያስፈልገውም" ሲለኝ አሁን አንድ ጥያቄ እጠይቃለሁ፦ ሜዳው የት ሄደ? ማን ላይ ተጫነ? አንዳንዴ ጥሩ መልስ አለ። ሞባይል ስልክ ሽቦውን ያስቀረው እውነት ነው፤ ማማውንና ማማውን የሚጠብቀውን ባለሙያ ግን አላስቀረም፤ እነሱ ስላሉ ነው የሠራው። መልስ ሲጠፋ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሜዳው የተጫነው ስብሰባው ላይ ያልተጠራ ሰው ላይ ነው።

የልደታ ታሪክ ለፎቶ አይመችም። ሜዳ ተደለደለ፣ 19 ልጆች ተማሩ፣ ያረጁ የጦር አውሮፕላኖች ተገዙ፣ 11 ዓመት ቆይቶ አንድ ኢትዮጵያዊ የዋና አብራሪውን ወንበር ያዘ፣ ሜዳው ሲያንስ ሌላ ሜዳ ተሠራ። ከዚህ ውስጥ አንዱንም ደረጃ የዘለለ የለም። ዛሬ በቀን በቀን ከቦሌ የሚነሳው ሁሉ፣ ቀጭኑን አየር በረጅም ሜዳ እየከፈለ ነው የሚነሳው።